ሁለት ካርድ፣ አንድ ደረት

ሆሳዕና መናኸሪያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሾፌሮቹ ሞተር ለማሞቅ አስነስተው ስለሚያቆዩ የናፍጣው ጭስ ከመሬት አይነሳም፤ አጥሩ ሥር ደግሞ ሻይ ሻጮቹ ከሰል ያራግባሉ። አክስቴ ከዶዮገና በመጣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ደርሳ እንደወረደች ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ቆመች። ልስማት ስጠጋ በእጇ «ቆይ» አለችኝ። ከንፈሯን እንደሚያፏጭ ሰው አሹላ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ታስወጣለች። ደረቷ ሲር ሲር ሲል አጠገቧ ለቆመ ሁሉ ይሰማል።

ትንፋሿ ሲመለስላት ከቦርሳዋ ሁለት ካርድ አወጣች። «አንዱ ጋ አስም ነው አሉኝ፤ ሌላው ጋ ብሮንካይት ነው አሉኝ። የትኛውን ልመን ልጄ?»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ማንም አልነገራትም። ሻይ አዝዘን ተቀመጥንና የምችለውን ያህል አስረዳኋት። አንድ ዓይነት ካርድ ይዘው የሚዞሩ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ያንኑ እዚህ ጽፌዋለሁ።

የምንስበው አየር የሚሄድበት ቧንቧ ከጉሮሮ ይጀምርና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ ይከፋፈላል። ጫፍ ጫፉ ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው እነሱ ጋ ነው። አስም የቧንቧው ሕመም ነው። የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ይቆጣና ያብጣል፣ ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታም ይበዛል። ነገር ግን የጠበበው መልሶ ይከፈታል፤ ሌሊት አፍኖት ያደረ ሰው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ምንም እንዳልሆነ ሊመላለስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከልጅነት ይጀምራል፤ ብርድ፣ አቧራና ጉንፋን ይቀሰቅሱታል።

ሰዉ ብሮንካይት የሚለው፣ ሐኪሞች ደግሞ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ የሚሉት ሕመም ጠባዩ ሌላ ነው። ለዓመታት የተሳበ ጭስ ቧንቧዎቹን አጥብቦ ጠባሳ ይተውባቸዋል፤ የከረጢቶቹንም ግድግዳ ይበላል። የእንጀራ ዓይን አስቡ። ዓይኖቹ ትንንሽና ብዙ ሲሆኑ እንጀራው ወጥ ይይዛል። ስስ ግድግዳቸው ተበጥሶ አሥሩ ዓይን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ሲሆን ግን የሚይዝበት ፊት ያንሰዋል፤ ሳብ አድርገው ቢያነሱትም ይቀደዳል። ሳንባም እንዲሁ ነው፤ የተበጠሰው መልሶ አይገጥምም። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ይገለጣል። መጀመሪያ ዳገት ላይ፣ ቀጥሎ ሜዳ ላይ፣ በኋላም ነጠላ ሲያጣፉ ያስተነፍሳል።

«አየር መሳብ አቃተኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተቸገረው አየር ማስወጣት ነው። አክስቴ የመጣችበትን ሚኒባስ አሳየኋት፤ ተሳፋሪው ገና ሳይወርድ ሌላው ይጋፋል፣ በሩ ላይ ይተናነቃሉ፣ ማንም አይንቀሳቀስም። በጠበበ ቧንቧ አሮጌው አየር ወጥቶ ሳያልቅ አዲሱ ትንፋሽ ይመጣል፤ ደረት ሞልቶ ይነፋል፣ የሚገባበት ቦታ ይጠፋል። ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ መተንፈስ ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይከደኑ ከውስጥ ይደግፋቸዋል። አክስቴን ይህን ያስተማራት የለም፤ ደረቷ ራሱ ፈልጎ ያገኘው ዘዴ ነው።

አሁን ሁለቱን ሕመሞች አንድ ሰው ላይ አስቀምጧቸው። አክስቴ በልጅነቷ ክረምት በገባ ቁጥር ያፍናት እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ያ አስም ነው። ከዚያ አግብታ ወደ 40 ዓመት ገደማ ምድጃ ፊት ቆጮ ጋግራለች። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ የሳበችው ጭስ ግን የአንድ ከባድ አጫሽን ያህል ቢሆን አይገርመኝም። በሀዲያና በከምባታ ነባር ቤት እሳቱ መሐል ቤት ነው፣ ከብቱም እዚያው ያድራል። ጭሱ መውጫ ስላልተበጀለት በሣር ክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ነው የሚወጣው። ይህ ደግሞ ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ጭስ ክዳኑን ያደርቃል፣ ነቀዝና ምስጥ ያባርራል፣ ቤቱንም ያሞቃል። ቤቱን ያቆየው ጭስ ነው የባለቤቲቱን ሳንባ የጎዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ከዚህ ሕመም ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከትንባሆ ነው፤ እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የትንባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፣ የቤት ውስጥ ጭስም ዋና መንስኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 3.5 ሚሊዮን ሰው በዚሁ ሕመም ሞቷል። «አላጨስም» ያለችን ሴት ከዚህ ሕመም ነጻ ናት ብሎ ማሰናበት እዚህ አገር ትልቅ ስህተት ነው።

ሐኪሞችም የሁለቱን ሕመሞች መደራረብ በሚጠሩበት ስም ላይ ብዙ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኦሪ የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም ከግሮኒንገን ባልደረቦቹ ጋር ሁለቱ ሕመሞች መነሻቸው አንድ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱን ሕመሞች የሚመለከቱት ዓለም አቀፍ መመሪያ አውጪዎች በጋራ ተቀምጠው ለመደራረቡ ስም ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን የብሮንካይቱ ወገን ስሙን ተወው፤ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፣ ሦስተኛ ሕመም ግን አይደለም በሚል። እኔም ይሄኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

ሁለቱ ሕመሞች የሚለዩት ስፓይሮሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። ሰውየው በደንብ ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ አየሩን ያስወጣል፤ ካስወጣው ሁሉ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ስንቱ እንደወጣ ይለካል። ቧንቧ ቶሎ የሚከፍተው ሳልቡታሞል ተነፍቶለት 15 ደቂቃ ያህል ይቆይና ይደገማል። የመጀመሪያዋ ሰከንድ ትንፋሽ ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር (አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል) ከጨመረ የሚከፈት ነገር አለ ማለት ነው። ከመድኃኒቱም በኋላ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወጣው ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልደረሰ የማይከፈት ነገር አለ። ሁለቱም አብረው ሲታዩ፣ ታሪኩም እንደ አክስቴ ሲሆን፣ መደራረቡን መጠርጠር ተገቢ ነው። መሣሪያው ግን በየጤና ጣቢያው የለም፤ የሳንባ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ የሚለየው ታሪክን በትዕግሥት በመጠየቅ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ የቲቢ ምርመራ ይቀድማል።

መለየቱ ለመድኃኒቱ ሲባል ነው። ለብሮንካይቱ ዋናው መድኃኒት ለረጅም ሰዓት ቧንቧ የሚከፍተው ነው። ያንኑ አስም ላለበት ሰው ብቻውን መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ ቧንቧው እየተከፈተ ውስጡ መቆጣቱን ይቀጥላል፣ አንድ ቀን በድንገት ይዘጋል። መቆጣቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። እሱም ብሮንካይት ብቻ ላለበት ሰው ሲሰጥ የሳንባ ምች ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ ሕመም ያለበት ሰው ስቴሮይዱ ሊቀርበት አይገባም፤ ረጅም ሰዓት የሚከፍተው የሚታከልለት በእሱ ላይ ነው። አክስቴ ጋ ያለው ሰማያዊው የሳልቡታሞል ፓፍ ብቻ ነው። ቶሎ ስለሚያሽላት ትወደዋለች፤ ሌላ አዝዘውላት ነበር፣ «ምንም አልተሰማኝም» ብላ ተወችው። ስቴሮይዱ ሥራውን የሚሠራው በቀናትና በሳምንታት ስለሆነ ስሜቱን ጠብቆ መተው የብዙ ሰው ስህተት ነው። ከተሳበ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥም ያስፈልጋል፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ያወጣል።

ፓፉን ስትጠቀም አየኋት። ጫነችው፣ ጭጋጉ ምላሷ ላይ ቀረ። ከሻይ ሻጯ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለምኜ ታችኛውን ክፍል በፓፉ አፍ ልክ በጋለ ቢላዋ በሳሁት፣ በሳሙና ውሃ አጥቤ ሳልወለውል እንዲደርቅ ተውኩት፤ ፓፉን ሰክቼ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግሁ። ሄዘር ዛር የተባለች የኬፕታውን ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዲህ ያለው ጠርሙስ አስም ላፈናቸው ሕፃናት ፋብሪካ ከሠራው እንደማያንስ አሳይታለች። አክስቴ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ገጠመች፣ አንዴ ጫንኩላት፣ አምስት ትንፋሽ ቆጠርን። ደገምን።

«ታዲያ ቆጮውን ማን ይጋግር?» አለች እየጠበቅን። ምድጃውን ከቤት አውጥተው ዳስ ሥር እንዲያደርጉላት ለልጆቿ እንደምደውል ነገርኳት። እንጨቱም ደርቆ ይንደድ፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው ጭሱን የሚያብሰው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ። ሲር ሲሩ ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። «ምን ይላል?» አለችኝ። ያልኩትን ስትሰማ ሁለቱን ካርዶች አንድ ፌስታል ውስጥ ከትታ ወደ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል የሚሄድ ባጃጅ ጠራች።