ከላይም በሽታ በኋላ የሚመላለስ የመገጣጠሚያ ሕመም

ከላይም በሽታ በኋላ የሚመላለስ የመገጣጠሚያ ሕመም በመዥገር ንክሻ የሚተላለፈው የላይም በሽታ በያዛቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ እየመጣ የሚሄድ የመገጣጠሚያ እብጠት ወይም ቁርጥማት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ጉልበትን ሲሆን፣ ከንክሻው ከወራት በኋላ ሊጀምር ወይም ከሕክምና በኋላም ሊቀጥል ይችላል። በመደበኛው ሕክምና ቶሎ ያልተሻላቸው ሰዎች ዕፅዋትንና ሌሎች አማራጭ ሕክምናዎችን ይሞክራሉ። ከእነዚህ መካከል ሕመምን በመጠኑ ሊያስታግሱ የሚችሉ አሉ፤ የላይምን ባክቴሪያ ከሰው አካል ማጥፋቱ የተረጋገጠ ግን የለም።

ታሪክ

በሽታው ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ከምትገኘው የላይም ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፖሊ መሪን ጨምሮ የአካባቢው እናቶች የብዙ ልጆች መገጣጠሚያ እያበጠ መሆኑን ለጤና ባለሥልጣናት አሳወቁ። የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም አለን ስቲርና ባልደረቦቻቸው ሁኔታውን አጥንተው በ1977 «የላይም አርትራይተስ» በሚል ስም አሳተሙት። በ1981 ተመራማሪው ዊሊ በርግዶርፈር መንስኤውን በመዥገር ውስጥ አገኙ፤ ጠምዛዛ ቅርጽ ያለው ይህ ባክቴሪያም በእርሳቸው ስም ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ተባለ። በአውሮፓ በሽታውን በብዛት የሚያስከትሉት ሌሎች የቦሬሊያ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ እነርሱ ከመገጣጠሚያ ይልቅ ቆዳንና ነርቭን ያጠቃሉ። ስለዚህ የመገጣጠሚያው ሕመም በይበልጥ የሚታየው በሰሜን አሜሪካ ነው።

የሕመሙ ዓይነቶች

«ከላይም በኋላ መገጣጠሚያዬን ያመኛል» የሚሉ ሰዎች ሁሉ ሕመማቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

1. ያልታከመ የላይም አርትራይተስ፦ ባክቴሪያው አሁንም በሰውነት ውስጥ አለ። ጉልበት በጣም ያብጣል፤ ሕመሙ ግን ከእብጠቱ አንጻር ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል።

2. ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚቀር ብግነት፦ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መቆጣቱን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳ ስብርባሪ በሕመምተኞች የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ እንደሚገኝ አሳይቷል፤ ብግነቱ የሚቀጥልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም ድርሻ አለው።

3. እብጠት የሌለው ቁርጥማት፦ ከሕክምና በኋላ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ቁርጥማት፣ ድካምና የማሰብ ችግር የድኅረ ሕክምና ላይም ሲንድረም ይባላል። መንስኤው ገና በምርምር ላይ ነው።

ከእነዚህ ውጪ ላይም የነበረበት ሰው እንደማንኛውም ሰው ሪህ ወይም በዕድሜ የሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላት ሊይዘው ይችላል። የላይም ፀረ እንግዳ አካላት ከዳኑ በኋላም ለዓመታት በደም ውስጥ ስለሚቆዩ፣ የደም ምርመራ ውጤት ብቻውን የአሁኑን ሕመም ምንጭ አያሳይም።

መደበኛ ሕክምና

የላይም አርትራይተስ መጀመሪያ የሚታከመው ለ28 ቀናት በአፍ በሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ወይም አሞክሳሲሊን ነው። እብጠቱ ካልጠፋ ሴፍትሪአክሶን በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል። ከዚያም በኋላ ከቀረ እንደ ብግነት በሽታ ይታከማል፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ ሜቶትሬክሴት፣ አልፎ አልፎም ቀዶ ሕክምና ጥቅም ላይ ይውላሉ። አብዛኞቹ ሕመምተኞች በጊዜ ሂደት ይድናሉ።

አንቲባዮቲክን ለብዙ ወራት መቀጠል ግን የድኅረ ሕክምናውን ቁርጥማትና ድካም እንደሚያድን አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ፣ በ2016 ደግሞ በኔዘርላንድስ በ280 ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ረጅም ሕክምና ተጨማሪ ጥቅም እንዳላስገኘ ደምድመዋል። በ2017 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለ«ሥር የሰደደ ላይም» ተብሎ በደም ሥር በተሰጠ ረጅም ሕክምና ሳቢያ ከባድ ኢንፌክሽን የያዛቸውንና የሞቱ ሰዎችን ሪፖርት አውጥቷል።

የሕክምናን ውጤት መለየት ለምን ያስቸግራል

የላይም አርትራይተስ ያለ መድኃኒትም ይመጣል፣ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት አንቲባዮቲክ ያልወሰዱ 55 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ግማሽ ያህሉ የሚመላለስ የመገጣጠሚያ እብጠት ያዛቸው፤ እብጠቱ የሚመለስባቸው ሰዎች ቁጥር ግን በየዓመቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ እየቀነሰ ሄደ።

ሰው አዲስ መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ ሲበረታበት ነው። የበረታ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ በራሱ ይቀንሳል። በዚያ መካከል የተወሰደ ሻይ፣ ክኒን ወይም ቅባት ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ሕመምተኛው ተሻለኝ ሲል እውነቱን ነው፤ ያሻለው ምን እንደሆነ ግን ከአንድ ሰው ታሪክ ማወቅ አይቻልም። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች አንዱን ቡድን በመድኃኒቱ፣ ሌላውን መድኃኒት በሌለበት አስመሳይ ክኒን (ፕላሲቦ) የሚያነጻጽሩት። በ2001ዱ ጥናት በደማቸው የላይም ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘባቸው ተሳታፊዎች መካከል አንቲባዮቲክ ከወሰዱት 37 በመቶው ተሻላቸው፤ ፕላሲቦ ከወሰዱትም 40 በመቶው ተሽሏቸዋል።

አማራጭ ሕክምናዎች

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ግምገማ ለላይም በሽታ በኢንተርኔት የሚሸጡ ከ30 በላይ አማራጭ ሕክምናዎችን ቆጥሯል።

ዕፅዋት፦ በ2020 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የጃፓን ኖትዊድንና የምዕራብ አፍሪካውን ክሪፕቶሌፒስ ጨምሮ አንዳንድ ዕፅዋት ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ እንደሚያዳክሙ አሳይቷል። ይህ ለቀጣይ ምርምር መነሻ ነው። በብልቃጥ ውስጥ የሠራው መጠን በሰው ደም ውስጥ ላይደረስበት ወይም መርዛማ ሊሆን ይችላል።

እርድና የዓሣ ዘይት፦ በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በዕድሜ በሚመጣ የጉልበት ሕመም ላይ መጠነኛ ማስታገስ አሳይቷል፤ የዓሣ ዘይትም በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ተጠንቷል። ሁለቱም በላይም አርትራይተስ ላይ አልተረጋገጡም። በአልጫ ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድና በክኒን የሚሸጠው የተጠናከረ ኩርኩሚን መጠናቸው በጣም ይለያያል፤ ክኒኑ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት አስከትሏል። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም።

የሰውነት እንቅስቃሴ፦ ፊዚዮቴራፒ፣ ቀስ በቀስ የሚጨመር እንቅስቃሴና መዋኘት በእብጠት ወቅት የደከመውን የጭን ጡንቻ ያጠነክራሉ፣ የጉልበትን መተጣጠፍም ይመልሳሉ። በዝቅተኛ ወጪና በአነስተኛ አደጋ የሚሞከሩት እነዚህ ናቸው።

አደገኛ የሆኑ፦ በፈሳሽ መልክ የሚጠጣ ብር ቆዳን ለዘለቄታው ወደ ግራጫ ሰማያዊ ይለውጣል። በ2006 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለላይም ተብሎ በመርፌ ይሰጥ የነበረውን ቢዝማሲን፣ ሞት ከተመዘገበ በኋላ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል። በ1990 ደግሞ ትኩሳቱ ባክቴሪያውን ይገድላል በሚል እምነት ሆን ተብሎ ወባ እንዲይዛቸው የተደረጉ የላይም ሕመምተኞች በኒው ጀርሲ ተገኝተዋል።

ከመድኃኒት ጋር አብሮ መውሰድ፦ ካልሲየም፣ ብረትና ማግኒዚየም ያላቸው ማሟያዎች ከዶክሲሳይክሊን ጋር በአንድ ጊዜ ከተወሰዱ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሱታል። ስለዚህ በተለያየ ሰዓት መወሰድ አለባቸው።

ኢትዮጵያና ኢትዮጵያውያን

በኢትዮጵያ ከቦሬሊያ ወገን በይበልጥ የሚታወቀው በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ነው። መንስኤው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ከላይም ባክቴሪያ ጋር የሚዛመድ ቢሆንም በሽታዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ በግርሻ የሚመላለሰው ትኩሳቱ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ላይም በብዛት ከሚታይባቸው የአሜሪካ ግዛቶች መካከል ናቸው። በእነዚህ አካባቢዎች ኖሮ ወይም ቆይቶ የተመለሰ ሰው ጉልበቱ ያለ ምክንያት ካበጠ፣ የት እንደነበረ ለሐኪሙ መንገሩ ለምርመራው ይጠቅማል። ትኩሳት ያለበት፣ የቀላና በድንገት ያበጠ መገጣጠሚያ ግን ከላይም ውጪ የሆነ አጣዳፊ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት መታየት አለበት።