ትራንስፈር ኬዝ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት በአራት ጎማ የሚነዱ መኪናዎች በባለቤቶቻቸው ዘንድ ክብራቸው ጨምሯል። አሮጌውን ሸጦ ሌላ መግዛት ስለ ከበደ፣ የተሰበረውን አካል መለወጥ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ትራንስፈር ኬዝ ፈልጎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። ዕቃው ግን ውድም ከባድም ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ከመጣ ገንዘብን አስሮ የሚያስቀምጥ ነው።

ትራንስፈር ኬዝ ማለት ኃይልን ከካምቢዮው የሚቀበል የማርሽ ሣጥን ሲሆን፣ ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከሞተር የመጣውን ኃይል ለኋላና ለፊት ጎማዎች ማካፈል ነው። ሁለተኛው፣ ነጂው ዝግተኛውን ማርሽ ሲያስገባ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን ማብዛት ነው። ለምሳሌ ያህል የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ 4 ጊዜ፣ ትራንስፈር ኬዙ 2.5 ጊዜ፣ ዲፈረንሻሉም 4 ጊዜ የሚያበዙ ቢሆኑ ጠቅላላው 40 ይሆናል። ትራንስፈር ኬዙ ብቻ ወደ 4 ቢለወጥ 64 ይደርሳል። ይህን ያህል ልዩነት ያለው መኪና በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ እምብዛም ፍሬን ሳይረገጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ከዋናው ፋብሪካ ውጭ የሚሠሩት ዓይነቶች የሚፈለጉትም ለዚሁ ነው። በብዙ ጂፕ ራንግለሮች ላይ የነበረው ኤን ፒ 231 የተባለው 2.72 ጊዜ ያበዛል፤ ከውጭ ፋብሪካ የሚገዙት ግን 3.8፣ 4.3፣ እንዲያውም 5 ጊዜ የሚያበዙ አሉ። ለሱዙኪ ሳሙራይ ደግሞ ሙሉውን ሣጥን መለወጥ ሳያስፈልግ፣ 2.268 የነበረውን ዝግተኛ ማርሽ ወደ 4.16 የሚያደርስ የውስጥ ማርሽ ብቻ ይሸጣል። ይህ ለአስመጪው ክብደቱም ዋጋውም የቀለለ ነው።

ነገር ግን ባለ 4ቱን የሚጠይቅ ደንበኛ ሁሉ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። መኪናውን በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህን መሸጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘቡን ማስጣል ነው። ጎማውን በትልቅ የለወጠ፣ ወይም ጭኖ ተራራ የሚወጣ ሰው ይጠቀምበታል። እርሱም ቢሆን የበዛው ጉልበት ክሮቸራንና የጎማ ዘንግን ሊሰብር እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ጥፋት የሚበዛው በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ትራንስፈር ኬዝ እንዳዝ አሠሪዬ ነግረውኝ፣ የመኪናውን ስምና የተሠራበትን ዓመት ብቻ ጽፌ ላክሁ። ዕቃው በደረሰ ጊዜ ሜካኒኩ እያገላበጠ ተመለከተና የመግቢያውን ጥርሶች መቍጠር ጀመረ፤ ቍጥሩ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር አልገጠመም። አሠሪዬ የደብዳቤውን ግልባጭ አስመጥተው አነበቡና፣ «ልጄ፣ ስለ ካምቢዮው የጻፍሽው የታለ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ላኪው የተጻፈለትን ልኳልና ዕቃውን መልሶ ሊቀበል አልፈቀደም፤ የደንበኛው ቀብድም ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሜካኒኩ መኪናውን ሳያይ ደብዳቤ አልጽፍም። የካምቢዮው ዓይነት፣ የዘንጉ ጥርስ ብዛት፣ የቦሎን ቀዳዳዎች አቀማመጥ ሁሉ ይጻፋል። በተለይም የፊት ዲፈረንሻሉ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ማዘንበሉ መታወቅ አለበት፤ ትራንስፈር ኬዙ ወደ ፊት ኃይል የሚሰጥበት ወገን ከዚያ ጋር መግጠም አለበትና። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1986 በተሠሩት ሲ ጄ ጂፖች ላይ የነበረው ዳና 300 ወደ ፊት የሚሰጠው በቀኝ ሲሆን፣ ከእነርሱ በኋላ በመጣው ራንግለር ላይ ያለው ኤን ፒ 231 በግራ ነው፤ የሁለቱም መኪናዎች ስም ግን ጂፕ ነው። አዲሱ ሣጥን ከአሮጌው ቢረዝም ወይም ቢያጥር ደግሞ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች መቈረጥ ወይም መቀጠል ስላለባቸው፣ ርዝመቱም ይጠየቅ፤ ወጪውም ለደንበኛው ይነገር።

ስለ አጠቃቀሙም ሻጩ ዝም ማለት የለበትም። ብዙው ዓይነት በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ አይነዳም። መኪናው በታጠፈ ቍጥር የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ፤ በመካከል ዲፈረንሻል ከሌለ ያ ልዩነት ማርሹን እያጠበቀ ይሄድና እጀታው አልወጣ ይላል፤ በመጨረሻም ካቴናው ወይም ማርሹ ይሰበራል። እጀታው ከጠበቀ ቀጥ ብሎ ጥቂት ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። እንደ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ያሉት ግን መካከለኛ ዲፈረንሻል ስላላቸው ሁልጊዜ በአራት ጎማ ይነዳሉ፤ በእነርሱ ላይ የሚከለከለው ዲፈረንሻሉን ቆልፎ በደረቅ መንገድ መንዳት ነው።

ዘይቱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ኤን ፒ 231 የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲወስድ፣ ሌሎች ብዙዎች ወፍራሙን የማርሽ ዘይት ይፈልጋሉ። ጥልቅ ወንዝ የተሻገረ መኪና ዘይቱ ይታይ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷልና ወዲያውኑ ይለወጥ። እኛ ይህን በአማርኛ በአንዲት ወረቀት ጽፈን፣ ዕቃው ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት በሽቦ እናስርበታለን።