የማንጎ ችግኝ እንዴት ይዳቀላል?

ከመካከላችሁ ጣፋጭ ማንጎ በልታችሁ ዘሩን መሬት የቀበራችሁ አትጠፉም። ዛፉ ይበቅላል፤ ጥላም ይሰጣል። ፍሬውን ለማየት ግን ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ያ ሁሉ ተጠብቆ የሚመጣው ፍሬ ደግሞ የበላችሁትን ላይመስል ይችላል፤ ቃጫው የበዛ፣ ትንሽ ወይም ኮምጣጣ ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ልጅ እናቱን ብቻ እንደማይመስል ሁሉ ዘሩም ከሁለት ወገን የተወለደ ነው። በ1902 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ሙልጎባ ከሚባል የህንድ ማንጎ ዘር የተተከለ አንድ ዛፍ በ1910 ፍሬ ሲሰጥ፣ ፍሬው እናቱን የማይመስል፣ ጉንጩ የቀላ ሆነ። ሄደን ተባለ። ይህ ዕድል የቀናው ዘር ነው፤ ዕድል ያልቀናቸውን ግን ማንም ስም አላወጣላቸውም። በዓለም ላይ ያሉ የሄደን ዛፎች የመጡት ከዚያ አንድ ዛፍ ቀንበጥ እየተቆረጠ፣ በሌላ ችግኝ ላይ እየተዳቀለ ነው።

እዚህ ላይ ማዳቀል ስንል እንደ ከብት እርባታው ሁለት ዝርያ መቀላቀል ማለታችን አይደለም። የታችኛው ችግኝ ሥሩን ያበድራል፣ ከላይ የሚገባው ቀንበጥ ደግሞ ፍሬውን ይወስናል። ቀንበጡ የተቆረጠው ከሚያፈራ ዛፍ ስለሆነ በዕድሜ የበሰለ ነው፤ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ያፈራል።

“እዚህ የምንቆየው ስንት ጊዜ ነውና ዛፍ እንተክላለን?” የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተዳቀለ ችግኝ ፍሬ ሳይሰጥም ይሸጣል፤ ሙያው ደግሞ ከምላጭና ከፕላስቲክ በቀር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ወደ አገር ሲገባ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲኬድ ይዞ መሄድ የሚገባው ይህን ሙያ እንጂ ችግኙን አይደለም። ያለ ፈቃድና ምርመራ ድንበር የሚሻገር ቀንበጥ ተባይ ይዞ ይገባል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ወለጋ መታየቱ የተዘገበው ነጭ የማንጎ ተባይ ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ማንጎ አበላሽቷል።

ሥራው የሚጀምረው ከአገሬው ማንጎ ዘር ነው፤ ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ፍሬው ጥሩ ባይሆንም ግድ የለም። ዘሩን እጠቡት፤ ውጫዊውን ጠንካራ ሽፋን በጥንቃቄ ክፈቱና ውስጡን ሳይደርቅ በአፈርና በፍግ በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ዝሩት። የማንጎ ዘር እንደ በቆሎ ተቀምጦ አይቆይም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲኖረው ለመዳቀል ደርሷል።

ቀንበጡን ፍሬውን ራሳችሁ ከቀመሳችሁት፣ ከጤነኛ ዛፍ ምረጡ። የቅርንጫፍ ጫፍ ይሁን፤ እምቡጡ ያበጠ ግን ያልፈነዳ። ከመቆረጡ ሳምንት ወይም አሥር ቀን በፊት ቅጠሎቹን አጭር ጭራ እያስቀራችሁ ቁረጡ፤ እምቡጡ በዚህ ይነቃል። ከተቆረጠ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ቢቻል በዕለቱ ተጠቀሙበት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከቅርፊቱ ሥር፣ ከእንጨቱ በላይ፣ ካምቢየም የሚባል ስስ ሕያው ሽፋን አለ። ሁለቱ ተክሎች የሚያያዙት እዚያ ብቻ ነው። የታችኛውን ችግኝ ከአፈሩ ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ቁረጡና መሐሉን ከሦስት እስከ አራት ሳንቲሜትር ሰንጥቁ። ቀንበጡን ከግራና ከቀኝ እንደ ሽብልቅ ጥረቡና በስንጥቁ አስገቡ። ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ መሐል ላይ አታድርጉት፤ በአንድ ጎን ቅርፊት ከቅርፊት ጋር ይግጠም። ብዙ ጀማሪዎች ውበት ፈልገው መሐሉ ላይ ያደርጉታል፤ ቀንበጡም ይደርቃል። ምላጩ ንጹሕና ስለታም ይሁን፤ የተቆረጠውን ገጽ በጣት አትንኩ። ትናንሽ ልጆች ያለ አዋቂ ምላጭ አይያዙ፤ የማንጎ ወተትም ቆዳ ስለሚያሳክክ ወዲያው ታጠቡ።

ከዚያ ከጫት ፌስታል በተቀደደ ጠባብ ፕላስቲክ ከታች ወደ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ቀንበጡን በትንሽ ነጭ ላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ። እንደ ካኩማ ባለ ሞቃትና ደረቅ ቦታ ያለ ጥላ መሞከር ድካም ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እምቡጡ ከፈነዳ ተያይዟል፤ ከረጢቱን አውልቁ። ከጠቆረ ሞቷል፤ የታችኛው ችግኝ ግን ዳግም ያቆጠቁጣልና አትጣሉት። ማሰሪያው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ይፈታል፤ ከቆየ ግንዱን ያንቃል።

ችግኝ የምትገዙ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግንዱን ዳስሱ። የመገጣጠሚያው ጠባሳ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት፤ ጠባሳ የሌለው ከዘር የበቀለ ነውና በተዳቀለ ዋጋ አትግዙት። ስትተክሉም ጠባሳውን አፈር አታልብሱት። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ የአገሬው ማንጎ ስለሆነ በየጊዜው ቁረጡት፤ ዝም ከተባለ የላይኛውን ያሸንፋል። በመጀመሪያው ዓመት አበባ ቢያወጣ ቀንጥቡት፣ ዛፉ ገና አቅም የለውም። ዙሪያውን ደግሞ በእሾህ እጠሩት፤ ለፍየል የተዳቀለና ያልተዳቀለ አይለይላትም።