በአንጎል ውስጥ የተሰወረውን ስለ መፈለግ

ልጆች ሆይ፤ አንጎላችን ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚልከው ቅመም በማፍሰስ ነው፤ ከእነዚህም ቅመሞች አንዱ ግሉታሜት ይባላል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ግን ግሉታሜት ፈጥኖ መነሣት አለበት፤ በሕዋሶች መካከል ከልክ በላይ ቢከማች ይገድላቸዋልና። ይህን የሚያነሣው በሕዋስ ቆዳ ላይ እንደ በረኛ የቆመ አመላላሽ ፕሮቲን ነው። እርሱስ የሚኖረው በየትኛው ሕዋስ ላይ ነው? ከታናሽነቱ የተነሣ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ እንኳ ከሌላው አይለይም።

ሊቃውንት ግን ብልሃት አገኙ። እንግዳ ነገር ወደ ሰውነት በገባ ጊዜ ደም አንቲቦዲ የሚባል ጠባቂ ያበጃል። ጠባቂውም ያንን እንግዳ ፈልጎ ይይዛል፥ ሌላውን ይተዋል። ስለዚህ ከአይጠ መጎጥ አንጎል ፕሮቲኑን አጥርተው ጥንቸልን ይወጓታል፤ ከሳምንታትም በኋላ ጠባቂዎቹን ከደሟ ይወስዳሉ። (ጥንቸሊቱ ስለዚህ ጥበብ አንዳች አታውቅም።) ከዚያም በስሱ በተቈረጠ አንጎል ላይ ያፈሱታል፥ ያልያዘውን አጥበው ያስወግዳሉ፥ የያዘውንም በሚያበራ ወይም በሚያጠቁር ቀለም ይገልጡታል። በአንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም ማሰርን አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1941 ዓ. ም. አሳዩ።

በ1992 ዓ. ም. በኖርዌይ አገር በኦስሎ የሚሠሩት ኒልስ ዳንቦልትና ዮን ስቶርም ማቲሰን፥ ከኢየሩሳሌሙ ባሩክ ካነር ጋር ሆነው፥ አንዱን የግሉታሜት አመላላሽ በዚህ መንገድ ፈለጉት። ምልክቱም የታየው በነርቭ ሕዋሶች ላይ ሳይሆን፥ በአጠገባቸው እንደ ኮከብ ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው በሚኖሩት ረዳቶች ላይ ነበር። እነዚህም አስትሮሳይት ይባላሉ። መልእክቱን አንዱ ይልካል፥ የቀረውን ቅመም ግን ጎረቤቱ ያነሣል።

ነገር ግን አንቲቦዲ ሁሉ አይታመንም። መልኩ የሚመሳሰል ሌላ ፕሮቲን ይዞ፥ «የፈለጋችሁት ይኸውላችሁ» እንደሚል ሰው ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ሲያምር ማመን ቀላል ነው፤ ጠንቃቃ ሊቅ ግን ይፈትነዋል። በ1997 ዓ. ም. በጃፓን ያሉ ሊቃውንት ያ አመላላሽ ፈጽሞ የሌላቸው አይጦች እንዲወለዱ አደረጉ፤ ብዙዎቹም በሚጥል በሽታ ሞቱ። አንቲቦዲውን በእንደነዚህ ያሉ አይጦች አንጎል ላይ ያፈሱታል። የሚፈለገው በሌለበት ስፍራ ምልክት ካሳየ ሐሰተኛ ምስክር ነውና ይጣላል፤ በእርሱም የተደከመበት ሥራ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።