ትሮጃንን በእጅ መንቀል

አንቲቫይረሱ ቫይረስ አግኝቼ አጥፍቻለሁ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን ያው ማስጠንቀቂያ ተመልሶ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ የሚሆነው የጠፋው አንዱ ፋይል ብቻ ስለሆነ ነው። ሌላ ቅጂው ሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፤ ዊንዶውስ በተከፈተ ቁጥር የሚቀሰቅሰው ትእዛዝም አልተነካም። ስለዚህ በእጁ የሚያጸዳ ሰው ከፋይሉ ይልቅ ቀስቃሹን ማደን አለበት።

ባክዶር የሚባለው የትሮጃን ዓይነት ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ ይገባና ለማያውቁት ሰው የጓሮ በር ይከፍታል። ያ ሰው ስክሪንዎን ያያል፣ ካሜራዎን ይከፍታል፣ በኪቦርድ የሚጽፉትን ይለቅማል፣ ብራውዘሩ ላይ ያስቀመጡትን ፓስወርድ ይወስዳል። ከነዚህ አንዱን፣ ኤንጄራትን፣ እንይ። ማይክሮሶፍት ብላዳቢንዲ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ኩባንያው ይህንኑ ትሮጃን ለመግታት ሲል፣ ኖ-አይፒ የተባለ ድርጅት የሚያስተዳድራቸውን የኢንተርኔት አድራሻዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተረክቦ ነበር፤ በዚያው ምንም የማያውቁ ብዙ ደንበኞች አገልግሎት ተቋርጦባቸዋል። ትሮጃኑ ግን ከዚያም በኋላ አልጠፋም።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ። ኬብሉን ይንቀሉ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ። በሩ የሚሠራው በኢንተርኔት ነውና ከዚህ በኋላ ሰርጎ ገቡ ምንም ማዘዝ አይችልም። ብዙ መመሪያዎች “ማን ከማን ጋር ተገናኝቷል” የሚለውን ዝርዝር በማየት ይጀምራሉ፤ ብራውዘሩም ዊንዶውስ ራሱም በደርዘን የሚቆጠር መስመር ስለሚከፍቱ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም።

ቀጥሎ ታስክ ማናጀር ከፍቶ የጠረጠሩትን ፕሮግራም መግደል ያጓጓል። ይቆዩ። ኤንጄራት ራሱን የዊንዶውስ ወሳኝ ሂደት አድርጎ ማስመዝገብ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ በገደሉት ቅጽበት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ኮምፒውተሩ ይወድቃል። መፍትሔው ሴፍ ሞድ ነው። የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ሳይለቁ ሪስታርት የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ እያሉ ይግቡና ሪስታርት ካደረጉ በኋላ 4 ቁጥርን ይጫኑ። ዲስክዎ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ሊጠይቅዎ ስለሚችል አስቀድመው ያዘጋጁት። በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ በራሳቸው የሚነሡትን አብዛኞቹን ፕሮግራሞች ስለማይቀሰቅስ ትሮጃኑ እንደተኛ ያገኙታል።

አሁን የተደበቁ ፋይሎችና የፋይል ስም መጨረሻዎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ ይህ በፎልደር መስኮቱ ላይ ቪው በሚለው ውስጥ አለ። ከዚያ የስታርታፕ ፎልደርን ይክፈቱ። ትርጉም የሌላቸው 32 ፊደላትና ቁጥሮች የተደረደሩበት ስም ያለው ፕሮግራም እዚያ ካገኙ ኤንጄራት መሆኑን በብርቱ ይጠርጥሩ። ቀጥለው ሬጅኤዲት የተባለውን የዊንዶውስ ሬጅስትሪ ማሳያ ከፍተው ከረንት ዩዘር፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ረን በሚለው መንገድ ይውረዱ። ያው 32 ሆሄ ያለው ስም እዚህም ይጠብቅዎታል፤ አጠገቡ ፋይሉ ያለበት አድራሻ ተጽፏል፤ ከአድራሻው በኋላ ባዶ ቦታና ሁለት ነጠብጣብ ይታያል። ሌላ ጤነኛ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ጭራ ሲኖረው አላውቅም። በሎካል ማሽን ሥር ባለው ተመሳሳይ መንገድም ይፈልጉ፤ ሁለቱም ዘንድ መጻፍ ልማዱ ነው።

አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚመራዎት ወደ ቴምፕ ወይም ወደ አፕዳታ ፎልደር ነው። የፋይሉ ስም “ሰርቨር” ሊሆን ይችላል፤ የዊንዶውስን የራሱን “ኤስቪሲሆስት” አስመስሎ የሚጠራም አለ። እውነተኛው ኤስቪሲሆስት ግን ቤቱ ሲስተም 32 ነው፤ ቴምፕ ውስጥ ከተገኘ አስመሳይ ነው።

ሬጅስትሪው ውስጥ ከማጥፋትዎ በፊት ኤክስፖርት ብለው ቅጂ ያስቀምጡ፤ የተሳሳተ መስመር ቢነኩ ይመልሱታል። ከዚያ ሁለቱን የረን መስመሮች፣ የስታርታፑን ቅጂና ዋናውን ፋይል በአንድ ጊዜ ያጥፉ። ቴምፕንም ባዶ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ፋየርዎሉን ነው፤ ኤንጄራት ሲገባ ለራሱ የማለፊያ ፈቃድ ያስመዘግባል፤ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ከተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ያንንም ይሰርዙ።

ኢንተርኔቱ እንደተቋረጠ ኮምፒውተሩን በተለመደው መንገድ አብርተው እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና ይዩ። ንጹሕ ከሆኑ ኢንተርኔቱን ይመልሱና የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አዘምነው ኦፍላይን ስካን ያስደርጉ። ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚፈትሽ የተደበቀም ቢኖር ለማግኘት ይቀለዋል።

ፍላሹስ? ኮምፒውተሩ የታመመው ማተሚያ ቤት ደርሶ በመጣ ፍላሽ ከሆነ፣ ያንኑ ፍላሽ መልሶ መሰካት ሥራውን ከዜሮ ያስጀምራል። በአገራችን “ሾርትከት ቫይረስ” እየተባለ የሚጠራው ጣጣ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሰነዶቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው በቦታቸው ፎልደር የሚመስል ሾርትከት ተቀምጧል። ሾርትከቱን ሳይከፍቱ ያጥፉ፤ የተደበቁትን ሰነዶች ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ቀድተው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት።

ፓስወርዶችዎ እንደተሰረቁ ይቁጠሩ። ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይቀይሯቸው፤ የሌሎቹ ሁሉ መመለሻ እሱ ስለሆነ በኢሜይሉ ይጀምሩ። ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍተው ሌሎቹን ግንኙነቶች በሙሉ ያቋርጡ፤ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አስቀድሞ የገባን ሰው አያስወጣም።

ይህ ሁሉ በጅምላ ለሚበተን ትሮጃን ነው። በተለይ እርስዎን ብሎ የተላከ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ፍላሽ ፕሌየር የተባለ የቪዲዮ ማጫወቻ ማሻሻያ መስሎ በኢሜይል በተላከ ሰላይ ፕሮግራም ዒላማ መሆናቸውን ገልጿል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለው ሰው ምንም አያጥፋ፤ ፋይሉ ማስረጃ ነውና ለባለሙያ ያሳይ።

አጽድተው ሳለ ትሮጃኑ ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም በኮምፒውተሩ የባንክ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ፣ በእጅ በማጽዳት ባይደክሙ ይሻላል። ፎቶና ሰነዶችን ብቻ ያስቀሩ፤ የፕሮግራም መጫኛዎችን፣ በተለይ ክራክ የተደረጉትን፣ አብረው አያሻግሩ። የዊንዶውስ መጫኛውንም በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅተው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርገው እንደ አዲስ ይጫኑት።