ይህን ሥራ ማን መረጠው? ሎንደን ውስጥ የሽልማትና የክፍት ጥሪ ዐውደ ርእዮችን ለመጎብኘት



ለማስተርስ ወደ ሎንደን ከሚሄዱ እህት ወንድሞቻችን ብዙዎቹ የሚነግሩን ታሪክ ይመሳሰላል፦ «ዘመናዊ ሥዕል ልይ ብዬ ገባሁ፣ ምንም አልገባኝም፣ ወጣሁ።» የእኔም የመጀመሪያ ጉብኝት እንደዚያው ነበር። ቲኬት ከፍዬ ሁሉንም ክፍል በሃያ ደቂቃ ጨርሼ ይዤ የወጣሁት የአንገት ሕመም ብቻ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ይቀለኝ ነበር፦ እዚህ የተሰቀለውን ማን መረጠው?

በክፍት ጥሪው ልጀምር። ሮያል አካዳሚ የሚባለው ተቋም በፒካዲሊ ጎዳና «ሰመር ኤግዚቢሽን» የሚል ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል። ከ1769 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቋረጥ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ እንኳ ሳይቀር ቀጥሏል። ማንም ሰው፣ ዲግሪ ያለውም የሌለውም፣ ሥራውን መላክ ይችላል። ከ10 ሺህ በላይ ሥራዎች ይላካሉ፤ የሚሰቀሉት ግን 1,200 ገደማ ናቸው። መጀመሪያ በፎቶ ይታያሉ፣ ያለፉት በአካል ይመጣሉ፣ ከዚያም የአካዳሚው አባላት ተቀምጠው እያንዳንዱ በፊታቸው ሲያልፍ ይወስናሉ። አባላቱ ራሳቸው ግን እስከ 6 ሥራ ድረስ ያለ ውድድር ያስገባሉ። ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ የታወቀ ሠዓሊና ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ጡረተኛ ጎን ለጎን ታገኛላችሁ።

ሥራዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ተጨናንቀው ነው የሚሰቀሉት። ከሥራው አጠገብ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ስሙና ዋጋው ያለው በትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እኔ ይህን እወደዋለሁ። መጽሐፉን ሳትከፍቱ አንድ ግድግዳ ላይ ቆማችሁ የወደዳችሁትን ሦስት ቁጥር ያዙ፣ ከዚያ የማን እንደሆነ ተመልከቱ። የዝነኛውን ሰው አልፋችሁ የጡረተኛውን መርጣችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ። ሁሉንም ማየት አይቻልም፣ አትሞክሩት።

እርቃን ሥዕል አለ ወይ ለምትሉ፣ አዎ፣ አይጠፋም። ዓይንን ሰብሮ ማለፍ ነው። የሕንፃ ንድፍና ሞዴሎች የሚታዩበት ክፍል ግን በተለይ ለአርክቴክቸርና ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ብቻውን የቲኬቱን ዋጋ ያወጣል። የሶላት ጉዳይም አያስጨንቅም። ዐውደ ርእዩ በሚታይበት በሰኔ ወር ሎንደን ላይ ዙህር በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት አካባቢ፣ ዐስር ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፤ መግሪብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ያልፋል። ዙህርን ሰግዶ የገባ ሰው ሰፊ ጊዜ አለው።

የሽልማት ዐውደ ርእይ ሌላ ነገር ነው። በ1984 የተጀመረው ተርነር ሽልማት ላይ ዳኞች አራት ሰዎችን በእጩነት ያቀርባሉ፤ አሸናፊው 25,000 ፓውንድ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 10,000 ያገኛሉ። እዚህ የምታዩት የአራት ሰው ሥራ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ዳኞቹ እጩዎቹን የመረጡት ቀደም ብለው ባሳዩት ሥራ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ስለዚያ ይናገራልና አንብቡት። በ2001 ያሸነፈው ማርቲን ክሪድ ያቀረበው በየአምስት ሴኮንዱ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ባዶ ክፍል ነበር። «ይሄ ምኑ ጥበብ ነው?» ብሎ የጠየቀው አበሻ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዞቹም ጋዜጣ ሞልተው ተከራክረዋል። ባይገባችሁ ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አትውሰዱ። በ2017 ደግሞ ዛንዚባር የተወለደችው ሉባይና ሂሚድ በ63 ዓመቷ አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት ነበር ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን የሚከለክለው ደንብ የተነሣው። ሽልማቱ አንዳንዴ በቴት ብሪተን፣ አንዳንዴ ከሎንደን ውጭ ስለሚታይ (በ2025 ብራድፎርድ ነበር) ባቡር ከመሳፈር በፊት አረጋግጡ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በኩል የሚሰጠው ጀሚል ሽልማት ነው። ከ2009 ጀምሮ ከእስላማዊ የጥበብ ቅርስ ለሚነሡ የዘመኑ ሥራዎች ይሰጣል፤ ሠሪው ሙስሊም መሆን ግዴታው አይደለም። በ2018 ሽልማቱን ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ባንግላዴሻዊቷ አርክቴክት ማሪና ታባሱም ነበረች። ዳካ ላይ፣ አያቷ በሰጡት መሬት፣ ቁባም ሚናራም የሌለው የጡብ መስጂድ ሠርታለች፤ ብርሃንና አየር በጡቦቹ መሐል ይገባል። በ2021 ያሸነፈው አጅላን ጋረም ሪያድ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሥራው የድንበር አጥር በሚሠራበት ዓይነት ሽቦ የቆመ መስጂድ ነው። እሱን አይቶ ዝም ብሎ መውጣት ይከብዳል።

ኸጥ የምትጽፍ አንዲት እህት «እኔስ ከአዲስ አበባ ለክፍት ጥሪው መላክ እችላለሁ?» ብላ ጠይቃኛለች። ትችላለች። ግን በእያንዳንዱ ሥራ የሚከፈለው የመመዝገቢያ ገንዘብ ባይመረጥም አይመለስም፤ ለሁለተኛው ዙር ካለፈ ደግሞ የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ወጪ የራሷ ነው። እኔ ብሆን የተመላሽ ማጓጓዣውን ጭምር ደምሬ፣ ያ ገንዘብ ቢጠፋ ወሩን እንዴት እንደምጨርስ አስልቼ ነበር የምወስነው። እሷ ገና እያሰበችበት ነው፤ ዱዓ አድርጉላት።

ጀሚል ሽልማት የሚታይበት ዓመት ባይገጥማችሁም ወደ ሙዚየሙ ሂዱ፤ መግቢያው ነጻ ነው። በእስላማዊው አዳራሽ መሐል በሒጅራ 946 የተሠራው የአርደቢል ምንጣፍ ተዘርግቷል። ቀለሙ እንዳይለቅ መብራቱ በየግማሽ ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ ይጨመራል። ደብዝዞ ካገኛችሁት አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ጠብቁ።