የመኪናችሁ ወንበር ወገባችሁን መደገፍ ሲያቆም

የወገብ መደገፊያውን እጀታ ስታዞሩት እንዲሁ ከተሽከረከረ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ስፖንጁ ሳይሆን ውስጥ ያለው ካቦ ነው፤ ወይ ተበጥሷል ወይ ከመንጠቆው ወጥቷል። ሙሉ ወንበር አትግዙ!

መጀመሪያ ግን ኤርባግ። ብዙ መኪኖች ላይ የጎን ኤርባጉ ያለው እዚያው ወንበሩ ጀርባ ውስጥ ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትነካኩት፣ የጎን ስፌቱንም አትክፈቱ። በዚህ አልደራደርም።

ከዚያ የኋላውን ልባስ ከታች በኩል ፍቱት፤ የሚዘጋው በፕላስቲክ መያዣ ወይም በዚፕ ነው። ካቦው ከወጣ መልሱት፤ ከተበጠሰ ቀይሩት፣ ቋጥሮ መቀጠል አይዘልቅም። የተሰበረው ከስፖንጁ ጀርባ ያለው የሽቦ መረብ ከሆነ በጠንካራ ሽቦ እሰሩትና ጫፉን ከስፖንጁ አርቃችሁ እጠፉት፤ አለዚያ ስፖንጁን በልቶ ጀርባ ይወጋል። ብየዳ ግን በፍጹም፤ ስፖንጅ በቀላሉ ይቀጣጠላል።